ግዮን ሊግ የገባ ዕለት

ነጩ ቫን ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ ወጥቶ ፍሪዌዩ ላይ ወደ ቶራንስ ሲከንፍ፣ ካሳነሽ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ከረጢት ለአምስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ከረጢቱ ውስጥ የአሥራ ስምንት ተጫዋች ስልክ አለ። አሠልጣኙ ጋሼ ተክለብርሃን ረቡዕ ዕለት ቡድኑን ለካምፕ ሲያስገባ «ልባችሁ ኳሷ ላይ ይሁን» ብሎ ሰብስቦ፣ የማሊያ ጠባቂዋ እሷ ናትና ለእሷ አስረክቧል። አሥራ ሰባቱ ዝም ብለዋል። የሚንቀጠቀጠው አንዱ ብቻ ነው። ካሳነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማን ስልክ እንደሆነ ለማወቅ ግን ፊደል አላስፈለጋትም። ሁለት ጉልበቶቿን ገጥማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደሚያፍን ሰው ከረጢቱን ጨመቀችው።

ከኋላዋ አንድ ራስ ብቅ አለ። የዘጠኝ ቁጥሩ አጥቂ ፍፁም ነው።

«እማማ፣ ይሄ የሚያጉረመርመው እርስዎ ጋ ነው ወይስ የቫኑ ሞተር ነው?»

«ሆዴ ነው። ቁርስ አልበላሁም። አርፈህ ተቀመጥ።»

ቫኑ ሙሉ ሳቀ። በረኛው ሙነወር «ካስዬ፣ ሆድሽ ቫይብሬት ላይ ነው እንዴ ያለው?» አለና ሳቁን ደገመው። ካሳነሽም እንደ ወጉ ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት።

ፍፁም ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከደሴ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆነው። የቀሩት ልጆች አሜሪካ አንቱታውን አስጥላቸዋለች፤ «ካስዬ፣ አንቺ» ነው የሚሏት። እሱ ብቻ ነው «እማማ» ብሎ፣ «እርስዎ» ብሎ የሚጠራት። ካሳነሽ ደግሞ ወልዳ ለመሳም ያልታደለች ሴት ናት። ይህን ቃል ከሰው ሁሉ አፍ የምትጠብቀው ከእሱ ነበር፤ ሲላት ደግሞ እንዳልሰማች ትሆንና ሁለተኛ ታስደግመዋለች።

«እሺ እማማ፣ ለሁለት ደቂቃ ፎኔን ይስጡኝ። እማዬን ላናግራት። እሷን ሳላናግር ሜዳ ገብቼ እንደማላውቅ ያውቃሉ።»

«ኮችህ ምን አለ?»

«ኮች ብዙ ነገር ይላል።»

ጋሼ ተክለብርሃን ከፊት ወንበር ሳይዞር «ሕግ ነው ፍፁሜ፤ ዛሬ ማንም ፎን አይነካም» አለ። በዚያ በጠዋት አንገቱ በላብ ርሷል።

«ረቡዕ ራሴን ያመኛል ብላኝ ነበር እኮ። ሶ ቢያንስ ተሻለሽ ወይ ልበላት።»

«እናትህ አሁን ቤተ ክርስቲያን ናት» አለች ካሳነሽ። «እዚያ መሽቷል። ነገ እሑድ አይደለም?»

ቤተ ክርስቲያን መሆኗስ ውሸት አልነበረም። ሠናይት ከትናንት ጀምሮ ቅጥሩ ውስጥ ናት። ግን ቆማ አልነበረም።

ፍፁም ምንም አልጠረጠረም። «እንግዲያው በእሷ ቦታ እርስዎ ይመርቁኝ» ብሎ ራሱን ወደ ፊት አዘነበለላት።

እንቢ ብትል ይነቃል። እጇን ራሱ ላይ ጫነች። «እግርህን ከስብራት፣ ዓይንህን ከክፉ ያድንልህ። ኳሷ ትታዘዝህ። ከፊትህ የቆመው ይንበርከክልህ።»

«አሜን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

እጇን ልታነሳ ስትል ያዛት። «ጎደለ እኮ እማማ።»

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«‹እናትህን ያቆይልህ› አላሉኝም። እማዬ እንኳ ስትመርቀኝ ይቺን ቃል አትረሳትም። ‹እናትህን ያቆይልህ› ብላ ለራሷ ትመርቃለች፤ ጉደኛ ናት!»

ልጆቹ ሳቁ። ካሳነሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መኪናው ሁሉ ወደየጉዳዩ ይሮጣል።

«እናትህን ያቆይልህ» አለች።

«አሜን» አለና ትከሻዋን ሳማት። ከፊት ወንበር ግን አሜን የሚል አልተሰማም።

*

ነገሩ የመጣው ሐሙስ ማታ ነበር። የፍፁም አጎት ከደሴ ደወለላት፤ እዚያ አርብ ነግቷል። «እትዬ ካሳነሽ፣ እህቴ ሠናይት ለአርብ አጥቢያ አርፋለች። ዛሬ እንቀብራታለን። ልጁን አደራ» አላት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ስልክ ያረዳል እንጂ አይደግፍም። ሰው እናቱን ሲያጣ የሚይዘው እጅ፣ የሚደፋበት ጉልበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰው አገር ላለ ልጅ ሽማግሌ ይፈለጋል። ሽማግሌውም ዘመድ አስከትሎ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጁ ከአልጋው ሳይወርድ በሩን ያንኳኳል። በሩ በጠዋት ከተንኳኳ፣ የቆሙትም ሰዎች ብዙ ከሆኑ፣ ገና ማንም ሳይናገር ልጁ ያውቀዋል። መርዶው እንዲህ ነው ካሳነሽ እጅ የገባው። እሷ ሳትናገር ማንም አይናገርም።

እሷም ደንቡን አላጣችውም። በዚያው ምሽት የዕድሩን ሴቶች ጠራች። ፓልምስ ሰፈር ያለችውን አንዲት ክፍሏን ጠረገች። እሷ ዘንድ የሚቀመጡትን ሃያ አራት የዕድር ወንበሮች ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥታ በግድግዳው ዙሪያ ደረደረች። ለቅሶ የሚቀመጡት ዘመድ ቤት ነው፤ እዚህ አገር የልጁ ዘመድ ደግሞ እሷ ናት። ይህን ሁሉ አድርጋ ስታበቃ ነው አሠልጣኙንና የክለቡን ሰብሳቢ ተስፋሁንን «ንጋት ላይ አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ» ልትላቸው ፌርፋክስ የወረደችው። ሳትነግራቸው ብትሄድ ምን ነበረበት! እግር ባለቤቱን ገደል ይዞ የሚገባበት ቀን አለ።

ክለቡ ግዮን ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። እሑድ እሑድ መናፈሻ ውስጥ ድንጋይ ለጎል አስቀምጠው የሚራገጡ ባለታክሲዎችና የፓርኪንግ ሠራተኞች ናቸው የጀመሩት። ቢጫና ጥቁሩን ማሊያ የመጀመሪያው ቀን ያጠበችው ካሳነሽ ናት፤ እስከዚያ ቅዳሜም ሌላ ሰው አላጠበውም። አሁን ከወደቡ በኩል ያለውን ቡድን ካሸነፉ የአካባቢው ሊግ ሊገቡ ነው። «ሴሚ ፕሮፌሽናል» ይሉታል። ምን ማለት ነው ብላ ብትጠይቅ ጋሼ ተክለብርሃን «ግማሹን በደሞዝ፣ ግማሹን በፍቅር መጫወት ነው» አላት። «የደሞዙን ግማሽ አይቼው አላውቅም» ብላው ነበር።

ተስፋሁን የምግብ ቤት ባለቤት ነው። ካርዱ ላይ «ፕሬዚዳንት» ብሎ አሳትሟል፤ እንዲያ ካልጠሩት ቶሎ አይዞርም። ሐሙስ ማታ እሷንና አሠልጣኙን ጓዳ አስገብቶ፣ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘና፦

«እትዬ፣ ሴትዮዋ እንደሆነች አትመለስም» አላት።

«አፍህን ተጉመጥመጥ!»

«ይቅርታ፤ ይቅርታ እትዬ። ግን ነገ ከነገርነው ቅዳሜ ማን ሊጫወት ነው? ጎል የሚያገባልን እሱ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የለፋንበት ነው። ፎኑ እንደሆን እርስዎ ጋ ነው። ቅዳሜን እንለፍና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ሄደን እናረዳዋለን። መርዶ እሑድም መርዶ ነው።»

«አንተስ?» አለችው ተክለብርሃንን።

አሠልጣኙ መሬት መሬቱን ያያል። «እኔ የኳስ ሰው ነኝ። መርዶው የእርስዎ ነው፤ እርስዎ እንዳሉ ይሆናል» አለ።

እዚህ ላይ ነው የተረታችው። ኳስ አይደለም የረታት። ሃያ ሁለት ዓመት ዊልሻየር ጎዳና ላይ፣ ቁም ሳጥን በምታህል የመስታወት ቤት ውስጥ የፓርኪንግ ትኬት ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን «ስንት ነው?» ከማለት በቀር አሳቧን የጠየቃት አልነበረም። አሁን ፕሬዚዳንትና አሠልጣኝ፣ የተማሩ ሁለት ወንዶች፣ ከፊቷ ቆመው አፍ አፏን ያያሉ። ኩራት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልክ የሌለው ኩራት ሰው ያሳብዳል።

«እሑድ ይሁን» አለች። «አንድ ቀን እናት እንዳለው ሰው ቢውል ምን ይጎዳዋል?»

ስትናገረው ብልኅነት መሰላት። ሁለቱ ወንዶችም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ለዕድሩ ሴቶች ትእዛዝ ያስተላለፈችውም ራሷ ናት፤ ጥቁር የሚለብስ እንዳይኖር፤ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ እንዳይኖር። በደህና ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ይወርዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይመጣል። የደሴ ልጅ ይህን ከሩቅ ያነበዋል።

*

የቶራንስ ሜዳ ከነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ወዲህ ነው። ካሳነሽ ከረጢቷን አንግታ የብረት መቀመጫው ሥር ቆመችና ሴቶቹን አንድ በአንድ እንደ በር ጠባቂ ፈተሸች።

«አንቺ ሄራን፣ ጥለትሽን አውርጂ!»

«ብርድ ቢለኝ ነው እትዬ።»

«በዚህ ፀሐይ ብርድ? ፊትሽንም አብረሽ አውርጂው። መኪና የተወሰደባት ነው የምትመስዪው። ሳቂ!»

ሄራን ሳቀች። እንዲያ ከምትስቅ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍፁም ከመሐል ኳስ ይዞ ገባ፤ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን ጣለና በግራ እግሩ መታት። ጎል! እንደ ልማዱ ወደ መቀመጫው ዞሮ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። የሚጠብቀው የካሳነሽን እልልታ ነው። ሳትል ወደ ቦታው አይመለስም፤ አንድ ጊዜ እሷ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ ዳኛው ሁለቴ ፊሽካ እስኪነፋበት ጠብቋታል።

ሴቶቹ ደርቀው ቀሩ። አንዷ ማጨብጨብ ጀምራ ተወችው።

ካሳነሽ ተነሣች፤ እልል አለች። በሕይወቷ እንደዚያ አድርጋ ብላ አታውቅም። ዝም እንዲሉ የሚያስገድዳቸው ሐዘን ከፍ ባለ ቁጥር እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገችው። ሙነወር ከዚያ ማዶ ከጎሉ ሥር ጓንቱን እያወዛወዘ ጨፈረላት። ፍፁም በጣቱ ወደ እሷ አመለከተና ሮጠ። ስትቀመጥ አፏ ሬት ሬት አላት።

ከዕረፍት በኋላ የወደቡ ልጆች በማዕዘን ምት አቻ አደረጉ። ከዚያማ ጨዋታው የሰው ሥጋ የሚያስጨርስ ሆነ። አቻ ቢወጡ አይበቃቸውም። ተስፋሁን ከመሥመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እያለ ይጮኻል። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከቀኝ የተሻገረች ኳስ ላይ ፍፁም ከሁለት ረጃጅም ተከላካዮች በላይ ብድግ አለና በግንባሩ ገጫት። መረቡ ተወጠረ።

ጓደኞቹን ሁሉ አምልጦ ወደ መቀመጫው መጣ። ማሊያውን እስከ ደረቱ ገለበ። ከሥር በለበሰው ነጭ ካናቴራ ላይ በወፍራም ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ጥርስ ሆኗል።

«ምን ይላል?» አለች ካሳነሽ።

ሄራን ፊቷን አዞረች።

«አንቺ፣ ምን ይላል?»

«‹እማዬ ሠናይት፣ ተሻለሽ ወይ?› ይላል እትዬ።»

ካሳነሽ እልል ለማለት አፏን ከፈተች። ድምፁም መጣላት፤ አፏስ ታዘዘላት። ከድቷት የቀረው እጇ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን የሚያውቅ እጅ፣ እሷን ሳይጠይቅ ነጠላዋን ያዘ፤ አዞረው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥቶ ፊቷ ላይ አመጣው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አዩዋት። ታላቃቸው እሷ ናት፤ ሰዓቱ ደረሰ ብለው አሰቡ። ሄራን አዘቀዘቀች። ከሄራን ቀጥላ ያለችው አዘቀዘቀች። ከዚያ መቀመጫው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ጥለቱን አነሣ።

ፍፁም እጁ ማሊያው ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ ሳቁ አልሄደም፤ ፊቱ ላይ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተቀምጦ ቆየ። ዓይኑ ከሴት ወደ ሴት ሄደና ካሳነሽ ላይ ቆመ። ማሊያውን ቀስ ብሎ አወረደው። ጀርባው ላይ የተንጠለጠሉትን ጓደኞቹን እጅ አስለቅቆ፣ ነጩን መሥመር ተሻግሮ ወደ እሷ መጣ።

ዳኛው ምን ያውቃል! ፊሽካ ነፋ፤ ጠራው፤ እየሮጠ ተከተለውና ሳያስፈቅድ ከሜዳ ወጥቷል ብሎ ከጀርባው ቢጫ ካርድ አወጣበት።

«እማማ፣ ማን ነው?»

ካሳነሽ ጥለቱን ከፊቷ ልታወርድ ሞከረች።

«አጎቴ ነው?»

ዓይኗን ወደ ሣሩ ጣለች።

«እማዬ ናት?»

አንገቷ በራሱ ወደቀ።

አልጮኸም። ሴቶቹ ሊይዙት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እጃቸው ባዶውን ቀረ። «መቼ?» አለ።

«ሐሙስ ማታ። በእነሱ አርብ ሊነጋ ሲል።»

«ተቀበረች?»

«አርብ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ፤ ለራሱ እንደሚነግር። «ኮች ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሙነወርስ?»

«ከተጫዋቾቹ ማንም አያውቅም። ልጄ፣ እኔ…»

«ጠዋት ቫን ውስጥ ‹እናትህን ያቆይልህ› ብለውኛል።»

ካሳነሽ ጠዋት የመረቀችበትን እጅ ወደ ራሱ ዘረጋች። ሳትነካው መልሳ ሰበሰበችው።

«ቤተ ክርስቲያን ናት ሲሉኝ…» ብሎ ጀመረ። ሲገባው አየችው። ሣሩ ላይ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ ዋይ ብለው ወደቁበት።

ከጀርባቸው ጨዋታው ቀጥሏል። ጋሼ ተክለብርሃን ሌላ ልጅ አስገብቷል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሁለት ለአንድ ነበር። ግዮን ሊግ ገባ። ተስፋሁን ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ወርውሮ እየጮኸ መጣ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ መሬት ላይ የተቀመጡትን አየና እጆቹን ግማሽ መንገድ ላይ አወረዳቸው። የት እንደሚያስቀምጣቸው ጨነቀው።

ሙነወር ጓንቱን ሳያወልቅ ሮጦ ደረሰና ፍፁምን አቅፎ አነሣው። ፍፁም ማሊያውን አወለቀ። አጣጠፈው፤ እጅጌውን ሁሉ አስተካክሎ ከረጢቷ ላይ አስቀመጠላት።

«የክለቡ ንብረት ነው» አለ። «ፎኔን ይስጡኝ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ።»

ወይዘሮ አላት። ከከረጢቱ አውጥታ ሰጠችው። ስልኩ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

*

እሑድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ካሳነሽ ነጠላዋን እንደለበሰች ነበር ያደረችው፤ እሱ ይሆናል ብላ ተነሣች። ሁለት ተጫዋቾች ናቸው። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«እትዬ» አለ አንደኛው። ካስዬ ማለቱን ትቶታል። «ለቅሶው ሚድ ዊልሻየር፣ ሙነወር ቤት ሆኗል። ሰው በዝቶ መቀመጫ ጠፋ። ኦኬ ከሆነ ወንበሮቹን ልንወስድ ነበር።»

ከሐሙስ ጀምሮ በግድግዳው ዙሪያ እንደተደረደሩ ናቸው። ማንም አልተቀመጠባቸውም።

«ውሰዱ» አለች። «የዕድር ናቸው፤ የእኔ አይደሉም።» አራቱን ራሷ ተሸክማ ደረጃው ድረስ አወረደችላቸው። ልጆቹ «በቫኑ ይምጡ» ቢሏት እንቢ ብላ በአውቶቡስ ሄደች።

ሙነወር ቤት ሰው ሞልቷል። የሙነወር እናት ሃጂራ በር ላይ ተቀብላ ትከሻዋን ሳመቻትና ምንም ሳትላት አሳለፈቻት። ፍፁም መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጧል። ሰው ወረፋውን ጠብቆ ጎንበስ ይልለታል፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም ቀና ሳይል «አሜን» ይላል። ተስፋሁን አለ፤ እሱም ተራውን አደረሰ፤ ፕሬዚዳንትነቱን በር ላይ ጥሎት የገባ ይመስላል። ጋሼ ተክለብርሃን ከጥግ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኗል።

ተራዋ ደረሰ። ሌሊቱን ስታዘጋጀው ያደረችው ብዙ ንግግር ነበራት። «ለቅሶህን ልነፍግህ ብዬ አይደለም፤ እናት ያለህ ቀን አንድ ልጨምርልህ ብዬ ነው» ልትለው ነበር። ጎንበስ ስትል ሁሉም ጠፋት።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አለችው።

«አሜን፣ ወይዘሮ ካሳነሽ» አለ፤ ከፊቷ እንደነበረው ሰው፤ ከኋላዋም እንደሚመጣው።

የምትቀመጥበት ፈለገች። ፍራሹ አጠገብ ያሉት ቦታዎች ተይዘዋል። ባዶ የነበረው በሩ ሥር ያለ አንድ ወንበር ብቻ ነው። ስትቀመጥበት አወቀችው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ባለፈው ክረምት በአሮጌ የማሊያ ቁራጭ የጠቀለለችው እሷው ናት። እንግዳ የሚቀመጥበት ነው ብላ ነበር የጠገነችው።

ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አሁን የሚከለክል ማንም አልነበረም።